ጠገራ ብር ስትገዙ፦ በጅማ ገበያ እውነተኛውን ከቅጂውና ከፎርጅዱ የመለያ መንገድ

ጅማ ውስጥ አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጠገራ ብር ነው፤ ማርትሬዛ። ይሄ አያስገርምም። የጅማው ሂርማታ የደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና ወርቁ እዚህ ይገናኝ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ያ ታሪክ ያማል፣ ግን አብሮ የሚነገር ነው። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ ብር፣ ዝርዝሩ በአሞሌ ጨው ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ዛሬም ከሰቃም ይሁን ከአጋሮ፣ ከሳጥን ሥር የወጣ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ችግሩ ከእነዚህ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ነው። ቆርቆሮ በብር ተነክሮ ይመጣል። ከውጭ በርካሽ የታዘዘ ቅጂ በአመድ ታሽቶ «የአባ ጅፋር ግምጃ ቤት ነው» ተብሎ ይቀርባል። ብዙ ወጣት የመጀመሪያ ገንዘቡን በዚህ ጨርሶ ነገሩን ይተወዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ለመለየት የሚያስፈልገው ትንሽ ትዕግሥትና ርካሽ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ፦ የምትፈልጉትን ስም ለዩ

ሰው «ፎርጅድ ነው» ሲል ብዙ ነገር አንድ ላይ ይደባልቃል። ለያይታችሁ ያዙት።

ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። በምስላቸው የታተመበት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ.። ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀረ፤ ምክንያቱም በእኛም በዓረቡም በኩል ነጋዴው ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም አለ። ቪየና ብቻ አይደለችም ያተመችው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን አግኝቶ ሮም ላይ አተመ፤ ለወረራው ነበር የፈለገው። ለንደን በ1936 ጀመረች። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም አትመዋል። ቪየና እስከ ዛሬ ታትማለች። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው «1780» በ1930ዎቹ የታተመ ሊሆን ይችላል። ይህ ፎርጅድ አይደለም። በመንግሥት ማተሚያ ቤት፣ በትክክለኛው ብር፣ በትክክለኛው ክብደት የተመታ ገንዘብ ነው። ግን የ240 ዓመት ዕቃ ተብሎ መሸጥ የለበትም። ጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ስለታተመ ብርቅ ነው ማለትም አይቻልም። ዋጋው በአብዛኛው ከውስጡ ካለው ብር ብዙም አይርቅም።

ቅጂ ሌላ ነው። ለቱሪስት፣ ለጌጥ፣ ለማስታወሻ የሚሠራ ነው። ቅጂነቱን ካልደበቀ ምንም ክፉ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለው ሳንቲም ላይ «ኮፒ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ እንዲቀረጽበት ሕግ ያዛል። ፎርጅድ የሚሆነው ቅጂው እውነተኛ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። ቃሉ ተፍቆ ሲጠፋም ታያላችሁ፤ ምስልም ጽሑፍም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የተፋቀ ወይም የተቆፈረ የሚመስል ነገር ካያችሁ ቆም በሉ።

ሦስተኛው የተነካካ እውነተኛ ነው። ሴቶች ጠገራ ብርን በአንገታቸው ያደርጉት ስለነበር ጆሮ የተበየደለት፣ የተበሳ ወይም ጆሮው ተነቅሎ ቀዳዳው የተደፈነ ብዙ አለ። ብሩ እውነተኛ ነው። ለሰብሳቢ ግን ዋጋው ይወርዳል። እኔ በበኩሌ ጆሮ ያለውን እወደዋለሁ፤ ማን እንዳደረገው ባላውቅም የእኛ አገር ሕይወት አለበት። ብቻ በሙሉ ሳንቲም ዋጋ አትግዙት።

ሁለተኛ፦ ዕቃ ያዙ

የኪስ ዲጂታል ሚዛን፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ። ስፋትና ውፍረት የሚለካ ትንሽ ካሊፐር። አጉሊ መነጽር፤ የሰዓት ጠጋኝ ቢሆን ጥሩ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት። ቀጭን ክር። ስልካችሁ ላይ የእውነተኛው ሳንቲም ጥርት ያለ ፎቶ፣ ፊቱም ጀርባውም። ኑሚስታ የሚባለው የሳንቲም መዝገብ በነጻ ያሳያችኋል። ሁሉም በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይገባል።

ሦስተኛ፦ ታሪኩን ስሙ፣ ዋጋውን ግን ለሳንቲሙ ስጡ

ጅማ ላይ ሳንቲም ብቻውን አይመጣም፤ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። «አያቴ ከጂሬን ነው ያመጡት»፣ «ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ነው»፣ «ቤት ሲፈርስ ነው የተገኘ»። አንዳንዱ እውነት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነግሠዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ብር በዚህች ከተማ እንዳለፈ መገመት አይከብድም። ግን ታሪክ አይመዘንም። በአክብሮት አዳምጡ፣ ከዚያ ሚዛኑን አውጡ።

ሻጩ ትልቅ ሰው ከሆኑ ፈቃድ ጠይቁ። «እማማ፣ ልመዝነው እችላለሁ?» በሉ። እውነተኛ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልም፤ እንዲያውም ክብደቱን ማወቅ ይፈልጋል። «ቶሎ በል፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ከእጃችሁ የሚነጥቅ ደላላ ካለ ተዉት። በተለይ በቡና ወቅት፣ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ፣ እንዲህ ያለው ጥድፊያ ይበዛል።

አራተኛ፦ መዝኑ፣ ለኩ

ጠገራ ብር ሲታተም 28.07 ግራም ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ39.5 እስከ 41 ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ።

ብዙ እጅ ያለፈበት ሳንቲም ያልቃል፤ 27.5 ግራም ቢሆን አትደንግጡ። 24 ወይም 25 ግራም ከሆነ ግን ነገር አለ። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ በዚያው ስፋትና ውፍረት ሲሠራ 24.5 ግራም ገደማ ይመጣል። አንዳንድ አታላይ ይህን ስለሚያውቅ ሳንቲሙን ያወፍረዋል፤ ክብደቱ ሲስተካከል ውፍረቱ ያጋልጠዋል። ለዚህ ነው ሚዛንና ካሊፐር አብረው የሚሄዱት። አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ።

የምኒልክ ብርም ቅርብ ነው፦ 28.07 ግራም፣ 40 ሚሊ ሜትር። አላዱ፣ ማለትም ግማሽ ብሩ፣ 14.04 ግራም። ሩቡ 7.02። ትንሿ ግርሽ 1.4 ግራም። እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው።

አምስተኛ፦ ማግኔት

ብር በማግኔት አይሳብም። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ ጨዋታው አለቀ። ካልተሳበ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ መዳብም፣ ናስም፣ እርሳስም አይሳቡም። በቅርብ ዓመታት የታተሙ የእኛ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ይህን ፈተና አትሞክሩ፤ ብረት ላይ የተለበጡ ስላሉ እውነተኛው ራሱ ይጣበቃል።

ስድስተኛ፦ ጠርዙን እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ፎርጅድ ሠሪ ፊቱንና ጀርባውን ያስመስላል፣ ጠርዙ ግን ያስቸግረዋል።

የጠገራ ብር ጠርዝ ለስላሳ አይደለም። ተራ ጥርስ ያለውም አይደለም። በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ የእቴጌይቱ መፈክር። በቃላቱ መካከል አበባ የመሰሉ ጌጦች አሉ። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ይዛችሁ በብርሃን ፊት ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ጽሑፉ ሙሉ ዙር መሄድ አለበት። ፊደላቱ ቀጥ ያሉ፣ ጎናቸው የተሳለ መሆን አለበት። ያረጀ ቢሆን እንኳ ከፊሉ ይነበባል፤ ጠርዝ ከፊት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው።

አሁን ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ጠርዙን ለሁለት የሚከፍል መስመር። ሳንቲሙ በሁለት ቅርጽ መካከል ቀልጦ ከተቀዳ ቅርጾቹ የሚጋጠሙበት ቦታ መስመር ይተዋል። አታላዩ በሞረድ ያጠፋዋል፤ ያኔ የሞረዱ ጭረት በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ሁለተኛ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች። ሳንቲሙ ቀልጦ ሲቀዳ የአየር አረፋ የሚተወው ነው። የተመታ ሳንቲም ላይ አረፋ የለም። ሦስተኛ፣ የቀለም ለውጥ። ጠርዙ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ካለ የብሩ ንክር ተልጧል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ጆሮ የነበረው ሳንቲም ጆሮው በተበየደበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሊለይ፣ ጽሑፉም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ አትፍረዱ፤ ዙሪያውን ሁሉ እዩ።

ሰባተኛ፦ ፊቱን አንብቡ

ጠገራ ብር ላይ ከእቴጌይቱ ምስል ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ከጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ከ1780 ቀጥሎ የመስቀለኛ ኤክስ ምልክት አለ። የድሮ ነጋዴዎች ደግሞ የሴቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ያዩ ነበር። በጌጡ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው ጥርት ብለው ካልታዩ ብሩን ይመልሱት ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ይጠቅማል። አብዛኞቹ ላይ ዕንቁዎቹ 9 ናቸው። ከዚህ የተለየ ቁጥር ያለው ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ማተሚያ ቤቶቹ ብዙ ስለነበሩ ልዩነት አለ። ዋናው እያንዳንዱ ዕንቁ ለብቻው ክብ ሆኖ መታየቱ ነው። እርስ በርሱ የተላቆጠ፣ እንደ ሰም የቀለጠ መልክ ካለው ተጠራጠሩ።

የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ እኛ ብልጫ አለን፤ ፊደሉ የእኛ ነው። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ከጀርባው አንበሳው አለ፣ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውም አለ። እያንዳንዱን ፊደል አንብቡ። ሳንቲሙ የተመታው ፓሪስ ነው፤ ቀራጮቹ ፈረንጆች ቢሆኑም ሥራቸው ጠንቃቃ ነበር። የቅጂ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው ግን ፊደሉን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። የ«ሠ» እግር ይጎድላል፣ «ነ» ወደ ሌላ ፊደል ይቀየራል፣ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ዓመቱን በተለይ እዩ። ፲፰፻፹፯ 1887 ነው፣ ፲፰፻፹፱ 1889 ነው፤ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር። ፯ እና ፱ የማይለዩበት ወይም የግዕዝ ቁጥር ያልሆነ ነገር የተጻፈበት ሳንቲም ካያችሁ ፎቶውን ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። የአንበሳውን ጎፈርና የዘውዱን ዝርዝርም እንዲሁ።

ስምንተኛ፦ የውኃ ፈተና

ይህን ቤት ሆናችሁ፣ ወይም ሻጩ ከፈቀደ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሳንቲሙን አይጎዳም። ከሁሉም ፈተና የምተማመንበት ይህን ነው።

ሳንቲሙን በደረቁ መዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ላይ ውኃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፤ ኩባያውና ውኃው ከሚዛኑ አቅም እንዳያልፉ። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታችም፣ ጎንም አይንካ። እጃችሁን አታንቀጥቅጡ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ሳንቲሙ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል።

እውነተኛ ጠገራ ብር 28.07 ግራም ከሆነ ውኃ ውስጥ 2.75 አካባቢ ያሳያል። 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። ከ10.0 እስከ 10.4 ከመጣ ደስ ይበላችሁ። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ 8.9 አካባቢ ይሰጣል። ናስ ከዚያ ያንሳል። ቆርቆሮ 7.3፣ ዚንክ 7.1 አካባቢ ነው። የአየር አረፋ ሳንቲሙ ላይ ከተጣበቀ ውጤቱ ይዛባል፤ ውኃው ላይ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ድገሙት። ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ ተቀራራቢ ቁጥር ካላገኛችሁ ሚዛኑን ተጠራጠሩ።

ይህ ፈተና አንድ ድክመት አለው። እርሳስ ከብር ይከብዳል፣ ቆርቆሮ ይቀላል። ሁለቱን በልክ የቀላቀለ አታላይ 10.2 ሊያመጣ ይችላል። እርሱን የሚያጋልጠው ድምፁ ነው። ሳንቲሙን ጣታችሁ ጫፍ ላይ አመዛዝናችሁ በመጻፊያ እርሳስ ወይም በሌላ ሳንቲም ጠርዙን በቀስታ ነካ አድርጉት። ብር ቀጭንና ረጅም ድምፅ አለው፤ ይጮኻል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጠፋል። የእርሳስ ቅይጥ ደነዝ ነው፣ «ጧ» ብሎ ያበቃል። ድንጋይ ላይ አትወርውሩት፤ የድሮ ነጋዴ ያን ያደርግ ነበር፣ ለሰብሳቢ ግን ጥፋት ነው። የተሰነጠቀ ወይም ጆሮ የተበየደለት እውነተኛ ብርም ድምፁ ሊደነዝዝ እንደሚችል አትርሱ።

ማድረግ የሌለባችሁ

አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ «ፋቅ አድርገህ እይልኝ» አትበሉ። አንጥረኛው ብርን ያውቃል፣ ምክሩም ይጠቅማል፤ ግን የእርሱ ፈተና ሞረድና አሲድ ነው። ሞረድ የነካው ሳንቲም አይመለስም። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፣ የብሩ ዕድሜ ነው። ደግሞም የተፈተገ ሳንቲም እውነተኛ ይሁን አይሁን ለመለየት ይከብዳል።

እውነተኛ መሆኑን እያወቃችሁ ዋጋ ለማርከስ «ፎርጅድ ነው» ማለትስ? ይሄም ማጭበርበር ነው፤ ለዚያውም በእናቶቻችን ላይ። እንዲህ የሚያደርጉ ገዢዎች አሉ፣ አሳፋሪ ነው። የመዘናችሁትን ቁጥር ለሻጯ አሳዩ።

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በአጭሩ

የ1936 ዓ.ም. የብር 50 ሳንቲም 7.03 ግራም ነው። ከእርሱ ጋር የወጣው የመዳብ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር። በመጠን ስለሚቀራረቡ ሰው 25ቱን ብር እየቀባ እንደ 50 ያስተላልፈው ጀመር። ለዚህ ነው የ25ቱ ጠርዝ በኋላ ዙሪያውን እየተቦረቦረ የተሠራው። ስለዚህ ክብ የሆነ፣ ብር የመሰለ «50 ሳንቲም» ስታገኙ የተጻፈውን ዋጋ አንብቡ። 25 የሚል ከሆነ የያዛችሁት የዚያ ዘመን ፎርጅድ ነው። እኔ ብሆን እገዛዋለሁ፣ በፎርጅድነቱ ዋጋ፤ የአገራችን የገንዘብ ታሪክ አካል ነው።

የአክሱም ሳንቲም ካቀረቡላችሁ

አትግዙ። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አትማለች። ከእንዱቢስ እስከ ኢዛና፣ ካሌብና አርማህ። ገበያ ላይ የሚዞረው አብዛኛው ቀልጦ የተቀዳ ቅጂ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ማየት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። የአባ ጅፋርን ዘመን ዕቃዎች ለማየት ደግሞ ጅማ ሙዚየም ቅርባችሁ ነው፤ ዓይን የሚሠለጥነው እውነተኛ ዕቃ በማየት ነው።

በስልክ የሚመጣው

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ይህ ሳንቲም ካላችሁ በሚሊዮን እንገዛለን» የሚል ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ከዚያ «ለምዝገባ»፣ «ለምርመራ» ብለው ገንዘብ አስቀድማችሁ እንድትልኩ ይጠይቃሉ። ዕቃችሁን የሚገዛ ሰው ከእናንተ ገንዘብ አይጠይቅም። አትላኩ።

በኦንላይን የምትገዙ ከሆነ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የጠርዙንና ሚዛን ላይ የተቀመጠበትን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ ከኢንተርኔት የወሰደውን ፎቶ እንዳይልክላችሁ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ንገሩት። እንቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ተገናኝታችሁ ስትገዙ ሰው ባለበት ቦታ፣ በቀን፣ ሚዛናችሁን ይዛችሁ ይሁን።

ከገዛችሁ በኋላ

ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ የውኃ ፈተናውን ውጤት፣ የገዛችሁበትን ቀንና ቦታ በደብተር ጻፉ። የሻጩን ታሪክም ጻፉ፣ «እንደተነገረኝ» ብላችሁ። ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ መልሳችሁ ገበያ ውስጥ አታስገቡት። በተለየ ፖስታ አድርጉ፣ ላዩ ላይ «ፎርጅድ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ለጀማሪዎች ማስተማሪያ አድርጉት።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ቤቱም እርጥበት ይይዛል። ሳንቲሙን በደረቅ የወረቀት ፖስታ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። በጎማ ማሰሪያ አትጠምጥሙት፤ ጎማ ብርን ያጠቁራል። ለስላሳ፣ የሚሸት የፕላስቲክ ኪስም አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ስትይዙት ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙት፣ በንጹሕና ደረቅ ጣት።